የኢዮቤልዩ ቃል የተጻፈበት ደወል

ስለ ፊላዴልፊያ ከተማና በዙሪያዋ ስላለው ገጠር፥ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ንግግር



በዚህ ሰሞን በደብሩ ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከሰው አፍ አይለይም። በበሩ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ በዝማሬው ይሰማል፤ ልጆችም ትርጓሜውን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቃሉ ከወዴት እንደ መጣ ማሰብ ይገባል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ በ10ኛው ቁጥር እንደ ተጻፈው፥ እስራኤል ስለ ሃምሳኛው ዓመት የታዘዙት ነገር ሦስት ነው። አንደኛው፥ ዓመቱን እንዲቀድሱ ነው። ሁለተኛው፥ በምድሪቱ ላይ ለሚኖር ሰው ሁሉ አርነት እንዲታወጅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፥ እያንዳንዱ ሰው ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ተመልሶ እንዲገባ ነው።

ከዚህ ትእዛዝ ሁለተኛው ክፍል ብቻ ተለይቶ በአንድ ትልቅ የነሐስ ደወል ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ደወሉ ያለው በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ነው። የዛሬው ንግግር ስለዚህች ከተማና በዙሪያዋ ስላለው ገጠር ነው፤ ይልቁንም በደወሉ ላይ ሳይጻፍ ስለ ቀረው ስለ ሦስተኛው ክፍል ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ቁጥር መሆኑ ይታወቅ።

ፊላዴልፊያ በደላዌርና በስኩልኪል ወንዞች መካከል የተቈረቈረች ከተማ ናት። ስምዋ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው የወንድማማች ፍቅር ማለት ነው። በዮሐንስ ራእይ መልእክት ከተጻፈላቸው ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አንዲቱ በዚህ ስም ትጠራ እንደ ነበረ ምእመናን ያውቃሉ። ከተማዪቱን የቈረቈረው ዊልያም ፔን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ከፔን አባት የተበደረው ገንዘብ ስለ ነበረ፥ በ1681 ዓ.ም. በዕዳው ፋንታ በአሜሪካ ሰፊ አገር ለልጁ ሰጠው፤ አገሩም ፔንሲልቫኒያ ተባለ። ፔን ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበረ፤ ስለ ሃይማኖቱም በእንግሊዝ ታስሮ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በአዲሱ አገር ማንም ሰው በእምነቱ ምክንያት እንዳይጨነቅ ወሰነ።

ለንደን በ1665 ዓ.ም. በቸነፈር፥ በሚከተለውም ዓመት በእሳት መጐዳትዋን ያውቅ ነበርና፥ የእርሱ ከተማ መንገዶችዋ ቀጥ ያሉና ሰፊዎች፥ ቤቶችዋም በአትክልት መካከል እንዲሆኑ ፈለገ። ዛሬም በከተማዪቱ መካከል የሚሄድ እንግዳ ይህን አሳብ በዓይኑ ያየዋል። የጥንቶቹ መንገዶች እንደ ሰንጠረዥ መስመር እየተቋረጡ ከወንዝ እስከ ወንዝ ይዘረጋሉ፤ አያሌዎቹም በዛፍ ስም ይጠራሉ። በመካከላቸው በቀይ ሸክላ የተሠሩ ያረጁ ቤቶች ተጠጋግተው ቆመዋል።

በ1701 ዓ.ም. ፔን ለሕዝቡ የመብት ደብዳቤ ሰጠ። በ1751 ዓ.ም. ይህ ደብዳቤ ሃምሳ ዓመት በሞላው ጊዜ የአገሩ ምክር ቤት ለሸንጎው አዳራሽ ደወል ይሠራ ዘንድ ወደ ለንደን ጻፈ። ያ የኦሪት ቃል እንዲቀረጽበት መታዘዙ ስለ ሃምሳኛው ዓመት መታሰቢያ እንደ ሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። ደወሉም በ1752 ዓ.ም. ደረሰ፤ ነገር ግን ድምፁን ለመፈተን በተመታ ጊዜ ተሰነጠቀ። በዚያን ጊዜ ጆን ፓስና ጆን ስቶው የሚባሉ ሁለት የከተማዪቱ ሠራተኞች አቅልጠው እንደገና አፈሰሱት። ያም ድምፁ አላማረምና ዳግመኛ አቀለጡት፤ በ1753 ዓ.ም. በግንቡ ላይ ተሰቀለ። ክብደቱ 2,080 ፓውንድ፥ ይኸውም 940 ኪሎ ያህል ነው።

በ1776 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የአሜሪካ ሰዎች ከእንግሊዝ መንግሥት መለየታቸውን የሚናገረው አዋጅ የጸደቀው በዚሁ አዳራሽ ነው። አዋጁ በጸደቀበት ቀን ደወሉ ተደወለ የሚለው ታሪክ ግን ከ70 ዓመት በኋላ አንድ ደራሲ የጻፈው ልብ ወለድ ነው። በሚከተለው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ወደ ከተማዪቱ በቀረበ ጊዜ፥ ነሐሱ ቀልጦ መድፍ እንዳይሠራበት ፈርተው ደወሉን ከሌሎች የከተማዪቱ ደወሎች ጋራ በጋሪ ጭነው ወደ ሰሜን ወሰዱት። ዛሬ አለንታውን በምትባለው፥ ከፊላዴልፊያ 95 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ስፍራ በጽዮን ቤተ ክርስቲያን ወለል በታች ሸሸጉት። የአርነት ቃል የተጻፈበት ደወል በክፉ ቀን መጠጊያ ያገኘው በገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ክረምት የጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ቫሊ ፎርጅ በሚባለው፥ ከከተማዪቱ 32 ኪሎ ሜትር በሚርቀው ኮረብታማ አገር በእንጨት ጎጆ ሰፍሮ ነበር። ከ12,000 ያህል ወታደር 2,000 ያህሉ ጦርነት ሳይደረግ በበሽታ ሞተ። ዛሬ ስፍራው ሣር የለበሰ ጸጥተኛ ሜዳ ነው፤ ለመታሰቢያ እንደገና የተሠሩት ጎጆዎች እንግዳውን ያስቡታል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ መጽሐፍት ሁሉ የሚነግሩት ነው። ነገር ግን ደወሉ በሚደወልበት ዘመን ድምፁ በሚሰማበት ስፍራ ሁሉ ባሮች ነበሩ። በወንዙ አጠገብ በአንድ ቡና ቤት ፊት ሰው በጨረታ ይሸጥ ነበር። የወንድማማች ፍቅር ብሎ ከተማዪቱን የሰየመው ፔን ራሱ ባሮች ነበሩት። ይህን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ በሌላው ለመፍረድ አይቸኩል፤ በኢትዮጵያም የባርነት ሕጋዊነት ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ይሁን እንጂ የፊላዴልፊያ ታሪክ የሚያስተምረው ታላቅ ነገር አለ። በደወሉ ላይ ያልተጻፈውን ቃል በሥራ የጻፉ ሰዎች ከከተማዪቱና ከገጠርዋ ተነሥተዋልና።

የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ናቸው። ከከተማዪቱ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ዛሬ የከተማዪቱ ክፍል በሆነችው በጀርመንታውን መንደር ከጀርመንና ከሆላንድ አገር የመጡ ስደተኞች ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም ፍራንሲስ ዳንኤል ፓስቶርዩስና ሦስት ባልንጀሮቹ በ1688 ዓ.ም. ባርነትን የሚቃወም ወረቀት ጽፈው ፈረሙ። ነገራቸውን ያቆሙት ሰው በራሱ ላይ ሊደረግ የማይወደውን በሌላው ላይ እንዳያደርግ በሚያዝዘው ሕግ ላይ ነው። ክርስቲያኖች ሰውን እንደ ከብት ሲሸጡ በአውሮፓ ያሉ ሰዎች ቢሰሙ ምን ይላሉ ብለውም ጠየቁ። ወረቀቱን የተቀበለው ጉባኤ ነገሩ ይከብደናል ብሎ ወደ በላዩ ጉባኤ ሰደደው፤ ያም እንዲሁ ወደ በላዩ ሰደደው፤ የመጨረሻውም ጉባኤ ሳይፈርድ አስቀመጠው። ኩዌከሮች አባሎቻቸው ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከሉት በ1776 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከ88 ዓመት በኋላ ነው። ወረቀቱም ተረስቶ ኖሮ በ1844 ዓ.ም. ተገኘ፤ ዳግመኛም ጠፍቶ በ2005 ዓ.ም. በኩዌከሮች የጸሎት ቤት በዕቃ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ተገኘ። አራቱ ሰዎች የጻፉት ቃል ፍሬውን ሲያፈራ አላዩም፤ ያን ሥራ የሠሩት ግን እውነት ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛዋ አንዲት ልጅ ናት። ፊላዴልፊያ የአሜሪካ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ከሸንጎው አዳራሽ አጠገብ ባለ ቤት ይቀመጥ ነበር፤ በዚያም ቤት ዘጠኝ ባሮች አገለገሉት። በ1780 ዓ.ም. በወጣው የፔንሲልቫኒያ ሕግ ከሌላ አገር የመጣ ባሪያ በዚያ ስድስት ወር ቢቀመጥ አርነት ሊጠይቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ዋሽንግተን ስድስቱ ወር ሳይሞላ ባሮቹን ለጥቂት ቀን ከአገሩ እያወጣ ይመልሳቸው ነበር። ከእነርሱም ኦና ጀጅ የምትባለው ልጅ በ1796 ዓ.ም. የቤቱ ሰዎች ለምሳ በተቀመጡበት ሰዓት ወጥታ ሄደች፤ በመርከብም ወደ ኒው ሃምፕሺር ተሻገረች። ጌታዋ ደጋግሞ ቢያስፈልጋትም አልተመለሰችም፤ በ1848 ዓ.ም. በዚያው አገር ሞተች። ደወሉ ዛሬ የተቀመጠበት ቤት የቆመው ከዚያ ከፈረሰው የፕሬዚዳንት ቤት ስፍራ ጋራ ተያይዞ ነው። በ2010 ዓ.ም. በስፍራው መታሰቢያ ሲሠራ የዘጠኙ ስም በድንጋይ ተቀረጸ።

ከደወሉ ቤት የወጣ እንግዳ በስድስተኛው ጎዳና ወደ ደቡብ ቢሄድ፥ ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከቤቴል ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። የዚህች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለካህናትና ለምእመናን ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ሪቻርድ አለን በ1760 ዓ.ም. በባርነት የተወለደ ሰው ሲሆን፥ ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ራሱን ከጌታው ዋጅቶ አርነት ወጣ፤ ወንጌልንም ሰበከ። እርሱና ባልንጀራው አብሳሎም ጆንስ በከተማዪቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም በተጠራው የሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን ይጸልዩ ነበር። አንድ እሑድ ጥቁሮቹ ምእመናን በላይኛው ሰገነት ተንበርክከው ሳሉ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት አንዱ ይህ የእናንተ ስፍራ አይደለም ብሎ አብሳሎም ጆንስን ከጉልበቱ ሊያነሣው ጐተተው። ጆንስም ጸሎቱ እስኪፈጸም እንዲታገሠው ለመነው፤ ሹሙ ግን እንቢ አለ። ጸሎቱ ሲፈጸም ጥቁሮቹ ሁሉ በአንድነት ተነሥተው ወጡ።

ከወጡ በኋላ ያደረጉት ነገር ይበልጥ የሚደነቅ ነው። በ1793 ዓ.ም. በከተማዪቱ ቢጫ ወባ ገብቶ ከ50,000 ያህል ነዋሪ 5,000 ያህሉን ገደለ። የሚችል ሁሉ ወደ ገጠር ሸሸ፤ ባል ሚስቱን፥ ልጅም አባቱን የተወበት ቤት ነበር። አለንና ጆንስ ከወገኖቻቸው ጋራ ሆነው በሽተኞችን አስታመሙ፥ ሙታንንም ቀበሩ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ይህ በሽታ ጥቁሮችን አይዝም ይሉ ነበር፤ ይህ ግን ስሕተት ነበረ፤ ከአስታማሚዎቹም ወገን ብዙዎች ሞቱ። ከጸሎት ያስነሧቸውን ሰዎች በሞት አልጋ ላይ ሳሉ ውኃ አጠጧቸው። በሽታው ካለፈ በኋላ በበሽተኛው ላይ ዋጋ አስወድደው ገንዘብ አተረፉ የሚል ክስ በተጻፈባቸው ጊዜም፥ ሁለቱ የወጣውን ወጪና የተሠራውን ሥራ ዘርዝረው በ1794 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፍ መልስ ሰጡ።

በዚያው በ1794 ዓ.ም. አለን አንድ ያረጀ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ገዝቶ በፈረስ አስጐትቶ በስድስተኛው ጎዳና አስቆመው፤ እርሱም የመጀመሪያው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ጆንስም በሌላ ስፍራ በቅዱስ ቶማስ ስም ቤተ ክርስቲያን መሥርቶ፥ በአሜሪካ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጥቁር ቄስ ሆነ። በ1816 ዓ.ም. የአፍሪካውያን ሜቶዲስቶች ቤተ ክርስቲያን ራስዋን ችላ ስትቆም አለን የመጀመሪያው ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ። በ1831 ዓ.ም. አረፈ፤ መቃብሩም ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ዛሬ በዚያ ያለው ታላቅ ሕንጻ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ነው፤ መሬቱ ግን አለን የገዛው ያው መሬት ነው። ከስፍራው የተነሣው ወገን በገዛ ርስቱ ላይ ተንበረከከ።

የሸንጎው ደወል የአርነት ደወል የተባለው በ1830ዎቹ ዓመታት ነው። ስሙን ያወጡለት ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች ናቸው፤ የተጻፈበትን ቃል አንብበው፥ ቃሉ እስኪፈጸም ድረስ ይህ ደወል በሕዝቡ ላይ ይመሰክራል አሉ። በ1846 ዓ.ም. በዋሽንግተን ልደት ቀን ሊደውሉት ሲሞክሩ ስንጥቁ ረዘመ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ሌላ ደወል አልተደወለም።

ከፊላዴልፊያ ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ እንግዳ ከላንካስተር አገር ይደርሳል። መሬቱ ለምለም ነው፤ ኮረብታውም ዝቅተኛ ነው። በዚያ አሚሽ የሚባሉ ክርስቲያኖች በፈረስና በበቅሎ እያረሱ፥ በፈረስ በሚጐተት ጋሪ እየሄዱ ይኖራሉ። የጸሎት ሕንጻ አይሠሩም፤ በየተራ በቤታቸው ተሰብስበው ይጸልያሉ። አባቶቻቸው ወደዚህ የመጡት ፔን ስለ ሃይማኖት ነጻነት የሰጠውን ተስፋ ሰምተው ነው። ነገር ግን በዚሁ ሰላማዊ በሚመስል አገር ክርስቲያና በምትባል መንደር በ1851 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ።

በፊተኛው ዓመት የኮበለለ ባሪያ ሁሉ ለጌታው ይመለስ የሚል ሕግ ወጥቶ ነበር። ከሜሪላንድ የመጣ አንድ ባለ ርስት መሣሪያ ከያዙ ሰዎች ጋራ ሆኖ የኮበለሉትን ባሮቹን ሊይዝ ማለዳ ወደ መንደሩ ደረሰ። ዊልያም ፓርከር የሚባል ራሱ ከባርነት ያመለጠ ሰው ግን አልሰጥም ብሎ በቤቱ ቆመ። ተኩስ ተነሥቶ ባለ ርስቱ ሞተ፤ ፓርከርም ወደ ካናዳ አመለጠ። መንግሥትም ከ30 የሚበልጡ ሰዎችን በአገር ክህደት ከሰሰ። ፍርዱ የታየው በዚያው በፊላዴልፊያ የሸንጎ አዳራሽ በፎቁ ላይ ነው። ባሪያን አልመልስም ማለት ክህደት ነው ወይስ አይደለም ተብሎ ሲከራከሩ፥ የኦሪት ቃል የተጻፈበት የተሰነጠቀ ደወል በዚያው ሕንጻ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። መጀመሪያ የተከሰሰውን ሰው ዳኞቹ በጥቂት ደቂቃ ተማክረው ነጻ አወጡት፤ ሌሎቹም ተለቀቁ።

የመጨረሻው ታሪክ የዊልያም ስቲል ነው። ይህ ሰው በ1821 ዓ.ም. ከደላዌር ወንዝ ማዶ በኒው ጀርሲ ገጠር ተወለደ። በፊላዴልፊያ ባርነትን የሚቃወም ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ፥ ከደቡብ የሚያመልጡትን እየተቀበለ ወደ ሰሜን ያሻግር ነበር። በ1850 ዓ.ም. ጴጥሮስ የሚባል በዕድሜ የገፋ ሰው ከአላባማ ወደ ቢሮው መጣ። ሰውዬው በብዙ ድካም ራሱን ገዝቶ አርነት ወጥቶ ነበር፤ አሁን የሚፈልገው ከ40 ዓመት በፊት በሕፃንነቱ የተለየውን እናቱን ነበር። ስቲልም እንደ ልማዱ ስሙንና ታሪኩን ይጽፍ ጀመር። የእናትህና የአባትህ ስም ማን ነው ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ ሰውዬው የተናገረው ስም የስቲል የራሱ እናትና አባት ስም ሆነ። እናቲቱ ከሜሪላንድ ከባርነት ባመለጠች ጊዜ ሁለቱን ሴቶች ልጆችዋን ይዛ ሁለቱን ወንዶች ትታ ነበር፤ የተተዉትም ወደ ደቡብ ተሸጡ። ከእነዚያ አንዱ ይህ ጴጥሮስ ነበር። ስቲል ከዚያ በኋላ ስለ ተወለደ ወንድሙን አይቶት አያውቅም ነበር። እናቲቱ አርጅታ በኒው ጀርሲ ገጠር በሕይወት ስለ ነበረች፥ ጴጥሮስ ወደ እርስዋ ተወሰደ፤ እናትና ልጅም ተገናኙ። በባርነት የቀሩት ሚስቱና ሦስት ልጆቹ በ5,000 ዶላር እስኪዋጁ ድረስ ግን ገና ብዙ ደከመ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስቲል ከሚያመልጡት የእያንዳንዱን ስም፥ የመጣበትን አገር፥ የተዋቸውንም ዘመዶች ከፊት ይልቅ ተጠንቅቆ ጻፈ። መዝገቡ ቢያዝ ብዙ ሰው ይጠፋ ነበርና ሸሽጎ አቆየው፤ ባርነት ከተሻረ በኋላም በ1872 ዓ.ም. አሳተመው። የጻፈበትም ምክንያት የተለያዩ ዘመዶች እንዲገናኙበት ነበር። በደወሉ ላይ ሳይቀረጽ የቀረው፥ ሰው ሁሉ ወደ ወገኑ ይመለስ የሚለው ትእዛዝ በዚህ መዝገብ ውስጥ ተፈጸመ።

ክቡራን አባቶች፥ የተከበራችሁ ምእመናን፤

በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው ያን ደወል ሊያይ ይሄዳል፤ በከተማዪቱ ምዕራብ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ አሉ። የሚያዩት ዝም ያለ ነሐስና ስንጥቁን ነው። ዝም ያለው ደወል ግን ይህን ያስተምራል፤ ኢዮቤልዩ በደወል ይታወጃል፥ የሚፈጸመው ግን የተለየው ሰው ሲመለስ ነው። አዋጁን መንገር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሰውን መመለስ ግን ስም በስም የሚሠራ ሥራ ነው።

ይህ ደብርም መዝገብ አለው። ባለፉት ዓመታት በዚህ የተጠመቁት፥ በዚህ የተጋቡት፥ ከዚህ የተቀበሩት ሁሉ ስማቸው በእርሱ ተጽፏል። በዓሉ ሲያልፍ መዝገቡ ይከፈት። በእርሱ ስሙ ተጽፎ ሳለ ዛሬ በቅዳሴው የማይታይ ማን እንደ ሆነ ይመርመር። በችግር ምክንያት የቀረ ይኖራል፤ በክርክር ተቀይሞ የሄደ ይኖራል፤ ተንበርክኮ ሳለ ይህ የአንተ ስፍራ አይደለም ተብሎ የተነሣም አይጠፋ ይሆናል። እርሱን ለመፈለግ ካህኑ መስቀሉን ይዞ፥ ምእመኑም ይቅርታውን ይዞ ይሂድ። ለሚመጣውም ሃምሳ ዓመት ልጆች የሚወርሱት መዝገብ የሄዱት ብቻ ሳይሆን የተመለሱትም የተጻፉበት ይሁን።

የአባቶቻችን አምላክ የተበተኑትን ይሰብስብ፤ የተለያዩትን ያገናኝ፤ ይህን ኢዮቤልዩም የመመለስ ዓመት ያድርገው። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።